የኦሎምፒያ መስታወት ፎቆች ለየትኛው ከተማ ፀሐይ ተሠሩ?

ከመስቀል አደባባይ ተነስታችሁ በአፍሪካ ጎዳና ወደ ቦሌ ስትሄዱ፣ ፍላሚንጎን አልፋችሁ ኦሎምፒያ ላይ ትንሽ ቁሙና በግራ እጃችሁ በኩል ወዳሉት ፎቆች ቀና በሉ። ወሩ ጥር ወይም የካቲት፣ ሰዓቱ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሱትን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ብዙዎቹ መስኮቶች ላይ መጋረጃ ተዘግቷል። አንዳንዱ ላይ ካርቶን ተለጥፏል። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ አምፖል በርቷል።

እንዴት ነው ነገሩ? ብርሃን ይግባበት ተብሎ መስታወት የለበሰ ሕንፃ፣ የገባውን ብርሃን በጨርቅ ከልክሎ በቀን መብራት ያበራል።

ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ፎቆች ላይ የቀረበ ሂስ ነው። «አያምሩም» ለማለት ግን አይደለም፤ ማማርና አለማማር ላይ መከራከር ይቻላል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ እነዚህ ሕንፃዎች የቆሙበትን ከተማ አልጠየቁትም። ፀሐዩ ከየት ነው የሚመጣው? ማታ ምን ያህል ይበርዳል? ሰዉ እንዴት ነው የሚኖረው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያልጠየቀ ሕንፃ ባህልንም የአየር ጠባይንም በአንድ ላይ ይስታል። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ይመስላሉ እንጂ አንድ ላይ የተገመዱ ናቸው። ለምን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንየው።

መጀመሪያ ከተማዋን እንወቃት

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ይህን ብቻ ሰምቶ ካርታ ላይ የሚያያት የውጭ ሰው «በጣም ሞቃት ትሆናለች» ሊል ይችላል። ግን ቦሌ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። ስለዚህ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው። በሞቃታማዎቹ ወራት እንኳ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ25 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቀንና ሌሊት በጣም ይራራቃሉ ማለት ነው።

የሰው ልጅ ተቀምጦ ሲሠራ የሚመቸው ሙቀት በግርድፉ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ነው። አሁን ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። የአዲስ አበባ አየር በቀን ራሱ ምቹ ነው፤ ችግሩ ሌሊትና ማለዳ ላይ ያለው ብርድ ነው። ዱባይ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ የሚገጠመው የውጭው አየር ስለሚያቃጥል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከሰዓት በኋላ አየር ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ቢሮ ካለ፣ ሙቀቱን ያመጣው የውጭው አየር ሳይሆን ሕንፃው ራሱ ነው ብላችሁ ብትጠረጥሩ ብዙ አትሳሳቱም።

ከፍታው ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ያደርጋል። አንደኛ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ የፀሐይ ጨረር ብዙም ሳይጣራ ይደርሰናል። ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ትቃጠላላችሁ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጥላ ስትገቡ ይበርዳችኋል፤ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የቦሌ አየር ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድን ክፍል ሙቀት በአየር አውጥቶ ለመጣል፣ ከባሕር ጠለል ይልቅ 30 በመቶ ያህል የበለጠ አየር ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ከውጭ አገር ካታሎግ ላይ የተመረጠ ማራገቢያ እዚህ የተጻፈለትን ያህል የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፀሐይዋ የት ነው የምትቆመው?

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ። በመካከላቸው ባሉት የክረምት ወራት ቀትር ላይ ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በበጋ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ እሱም ከክረምቱ ይበልጣል።

ይህ ጂኦሜትሪ ለአንድ መሐንዲስ ትልቅ ስጦታ ነው። ለምሳሌ 1.5 ሜትር ቁመት ያለው መስኮት አስቡ። ፊቱ ወደ ሰሜን ከሆነ፣ ቀትር ላይ የምታርፍበትን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ለመከለል ከመስኮቱ በላይ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል የወጣ ጥላ ይበቃል። ፊቱ ወደ ደቡብ ከሆነ በታኅሣሥ ቀትር 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። እሱንም ሆን ብላችሁ ልታሳጥሩት ትችላላችሁ፤ ምክንያቱም ታኅሣሥ የብርድ ወር ነው፣ ትንሽ ፀሐይ ብትገባ ሰው ይደሰታል። ያው እናቶቻችን ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ እንደሚሞቁት ማለት ነው።

አስቸጋሪዎቹ ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትመጣ፣ ከላይ የወጣ ጥላ አያቆማትም። እንደ ክንፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ወይም እንደ ወንፊት የተበሳ መከለያ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ኦሎምፒያ እንመለስ። የአፍሪካ ጎዳና ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው የተዘረጋው። ስለዚህ ከመስቀል አደባባይ ስትመጡ በግራ በኩል ያሉት ሕንፃዎች ፊታቸውን ወደ ደቡብ ምዕራብ ሰጥተዋል። በጥር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፀሐይ የምትገኘው ደግሞ ልክ በዚያው አቅጣጫ ነው፤ ከአድማስ ከ40 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ብላ። በሌላ አነጋገር የመንገዱ ዋና ፊት፣ ሕንፃው «እዩኝ» ብሎ መስታወቱን ሁሉ የደረደረበት ፊት፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ በግንባሩ ይቀበላል። ፊት ለፊት የፀሐይ መከለያ ያለው ሕንፃ ስንት እንዳለ እናንተው ቁጠሩ።

ቢሮ ውስጥ የተጣደ ምጣድ

እስቲ ቀለል ያለ ስሌት እንሥራ። በዚያ ሰዓት ጥርት ባለ ሰማይ በአንድ ካሬ ሜትር ቋሚ መስታወት ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል በግርድፉ 600 ዋት ነው። ቀለም የተቀባና አንጸባራቂ የሆነ መስታወት ነው እንበልና ግማሹን ብቻ ያስገባል ብለን እንውሰድ። ተራ ነጭ መስታወት ቢሆን ከዚህ እጅግ የበለጠ ያስገባ ነበር። 10 ካሬ ሜትር መስታወት ያለው አነስተኛ ቢሮ እንግዲህ 3,000 ዋት፣ ማለትም 3 ኪሎ ዋት ሙቀት ይቀበላል።

3 ኪሎ ዋት ምን ያህል ነው? ቤታችሁ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ ቢሮው ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አንድ ምጣድ ተጥዷል ማለት ነው። እንጀራው ግን የለም!

«መስኮት መክፈት ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ እንሞክር። የውጭው አየር 24 ዲግሪ ቢሆንና ክፍሉ ከ29 ዲግሪ እንዳያልፍ ብንፈልግ፣ ያንን 3 ኪሎ ዋት ለማውጣት በቦሌ ስስ አየር በሴኮንድ 0.65 ሜትር ኩብ ያህል አየር መግባትና መውጣት አለበት። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ቁመት ካለው 60 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ስለዚህ የክፍሉ አየር ሙሉ በሙሉ በየአንድ ደቂቃ ተኩሉ መቀየር አለበት። ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም! አብዛኞቹ የመስታወት ግድግዳዎች ያላቸው መክፈቻ ደግሞ ከላይ ተንጠልጥላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የምትገፋ መስኮት ናት።

መጋረጃስ? መጋረጃ ዓይንን ከነጸብራቅ ያድናል፤ ሙቀቱን ግን ብዙም አይመልሰውም። የፀሐይ ጨረር መስታወቱን አልፎ መጋረጃው ላይ ሲያርፍ መጋረጃው ይሞቃል፤ የሞቀው መጋረጃ የሚለቀው ሙቀት ደግሞ ሞገዱ ረጅም ስለሆነ መስታወቱ አያሳልፈውም። እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ባልዲ እንደ መደቀን ነው፤ ውሃው አንዴ ገብቷል። መከለያ ዋጋ የሚኖረው ከመስታወቱ ውጭ ሲሆን ነው።

ሌሊቱ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ነጠላ መስታወት ሙቀትን አይዝም። ታኅሣሥ ላይ ማለዳ ውጭው 8 ዲግሪ፣ ክፍሉ 18 ዲግሪ ቢሆን፣ የመስታወቱ የውስጥ ፊት ወደ 11 ዲግሪ ይወርዳል። አጠገቡ የተቀመጠ ሠራተኛ የክፍሉ አየር ደህና ቢሆንም ይበርደዋል፤ ሰውነቱ ሙቀቱን ወደ ቀዝቃዛው መስታወት በጨረር ስለሚያጣ ነው። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኮት ለብሶ የሚገባ ሰው ከሰዓት በኋላ እጅጌውን ሰብስቦ ይወዛወዛል። የውጭው ከተማ ግን ቀኑን ሙሉ ደህና ነበረች።

ከመንገዱ ጫፍ ያለው አሮጌ ቤት

ከኦሎምፒያ ሩቅ ሳትሄዱ፣ መስቀል አደባባይ ዳር ባለው ከፍታ ላይ የራስ ብሩ ቤት አለ፤ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ያገለገለው። ባህል ማለት አሮጌ ነገር ብቻ ነው ብላችሁ እንድትሄዱ አልፈልግም። እንደ መሐንዲስ ሂዱና ክፍሎቹን አንድ በአንድ አንብቡ። ግድግዳው ወፍራም ነው። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ወጥቷል። ዙሪያውን በረንዳ አለ። ፒያሳ ያለው የጣይቱ ሆቴልም የዚያው ዘመን ልጅ ነው።

በረንዳ ምንድን ነው? ለፊዚክስ ሰው ከመስታወቱ ውጭ ያለ ጥላ ነው፤ ፀሐይን ግድግዳው ላይ ከማረፏ በፊት ያስቀራታል፣ የክረምትን ዝናብም ከጭቃው ግድግዳ ያርቃል። ለባህል ሰው ደግሞ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ቡና የሚጠጣበት፣ መንገደኛ ሰላም የሚባልበት ቦታ ነው። አንድ ነገር ሁለት ሥራ ሲሠራ አያችሁ? ባህልና የአየር ጠባይ የተገመዱ ናቸው ያልኩት ለዚህ ነው። ሰዉ በረንዳ ላይ መቀመጥ የወደደው በረንዳው ስለሚመች ነው፤ በረንዳው የቀጠለው ደግሞ ሰዉ ስለወደደው።

ወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ ሌላ ጥበብ አለው። የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣና ከብዙ ሰዓታት በኋላ፣ ማታ ላይ ለውስጠኛው ክፍል ይለቃል። ቀንና ሌሊት በሚራራቁበት ከተማ ከዚህ የተሻለ «ባትሪ» የለም። ከቆርቆሮው ሥር የሚወጠረው የአቡጀዴ ኮርኒስም እንዲሁ ቀልድ አይደለም፤ በቆርቆሮውና በጨርቁ መካከል የሚቀረው አየር የቆርቆሮውን ሙቀት ያዘገየዋል።

አገራችንን ዞር ዞር ብትሉ ይህ ጥምረት በየቦታው መልኩን እየቀየረ ታገኙታላችሁ። ሐረር ውስጥ በኖራ የተለሰነው የድንጋይ ቤት ወፍራም ግድግዳው ሙቀትን ሲያቆም፣ ውስጡ ያሉት ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ማን የት እንደሚቀመጥ ይናገራሉ። ዶርዜ ላይ ከቀርከሃ የሚሸመነው ረጅም ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ከነቅርጹ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይተከላል። አፋር ውስጥ ከብት ተከትሎ የሚሄደው ሰው ቤቱ ምንጣፍና እንጨት ነው፤ ፈትቶ በግመል ይጭነዋል፣ ሲተክለውም ነፋስ ያሳልፋል። አንዳቸውም ሌላውን አይመስሉም፤ ምክንያቱም ፀሐዩም ኑሮውም አይመሳሰልም።

ይህን ስል «ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ» እያልኩ አይደለም። የጭቃ ቤት በየጊዜው ምርጊት ይፈልጋል፣ እርጥበት ከሥሩ ይበላዋል፣ አሥር ፎቅ አይወጣም፣ ብዙውም ጨለማ ነው። በውስጡ ያደገ ሰው ብርሃን ያለበት ቤት ቢመኝ አይፈረድበትም። መውሰድ ያለብን ጭቃውን ሳይሆን ጥያቄውን ነው።

ጥለት እንደ ጌጥ፣ ጥለት እንደ መከለያ

አንዳንድ ሕንፃ «ባህላችንን ይገልጻል» ሲባል ትሰማላችሁ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት፣ መስታወቱ እንዳለ ሆኖ አናቱ ላይ የአክሱም ሐውልት ቅርጽ ተደርጎበታል፤ ወይም የአሉሚኒየም ልባሱ ላይ የመሶብ ስፌት ተስሏል። ይህ ባህልን እንደ ስቲከር መለጠፍ ነው። ስቲከሩን ብትልጡት ሕንፃው ምንም አይጎድልበትም፤ ቢሮው ያው ይሞቃል፣ ያው ይበርዳል። እውነተኛው መፈተኛ ይህ ይመስለኛል፦ ባህላዊ የተባለው ነገር ቢነሳ ሕንፃው የሚያጣው ሥራ አለ ወይስ የለም?

በዚህ ፈተና ልደታ መርካቶ የተባለውን የገበያ ማዕከል እንመዝነው። የነደፈው የስፔኑ አርክቴክት ዣቪዬር ቪላልታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ቴድ መድረክ ላይም ስለዚህ ሥራ ተናግሯል። እንደ ሌሎቹ የገበያ ማዕከሎች መስታወት አላለበሰውም። ፊቱ ነጭ የኮንክሪት ገበታ ነው፤ በገበታው ላይ ከአገራችን የሽመና ጥለት የተወሰደ፣ ትልቁ ቅርጽ በትንሹ የሚደጋገምበት ንድፍ በቀዳዳዎች ተሠርቷል። ቀዳዳዎቹ ብርሃን ያስገባሉ፣ የፀሐዩን ግለት ግን ያስቀራሉ። መሐሉ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ የሞቀው አየር ወደ ላይ እንዲወጣ ያግዛል።

ጥለቱን አንሱት እንበል። ሕንፃው መከለያውን ያጣል። እዚህ ላይ ጥለቱ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሥራ ያለው ክፍል ነው። ግን ሙሉ ነጥብ ለመስጠት አልቸኩልም። ባህል ልብስ ላይ ያለ ንድፍ ብቻ አይደለም። መርካቶ መርካቶ የሆነው ዕቃው መንገድ ላይ ስለሚወጣ፣ ሰው ስለሚከራከር፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ስለሚያልፍ ነው። ያንን ኑሮ ፎቅ ላይ ማውጣት ጥለትን ኮንክሪት ላይ ከመቅረጽ ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ስሙ የወረሰውን ገበያ አኗኗር መሸከም ለማንኛውም የገበያ ፎቅ ገና ያልተፈታ ጥያቄ ነው።

በኮንዶሚኒየሞቻችንም ይህ ሙከራ አለ። በየግቢው ለምግብ ማብሰያና ለእርድ የሚያገለግል የጋራ ቤት መሠራቱ ቀላል ነገር አይደለም። የበዓል በግ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደማይታረድ የገባው ሰው ነው የነደፈው። ከኦሎምፒያ ፎቆች ብዙዎቹ ያላደረጉት ይህንን ነው፤ ውስጡ ስለሚኖረው ሰው ማሰብ።

መስታወት ጠላት ነው እንዴ?

በፍጹም። ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ ጥቂት ብትራመዱ አፍሪካ አዳራሽን ታገኛላችሁ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ውስጡ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ይተርካል። የፀሐይ ብርሃን ሥዕሉን ያበራዋል እንጂ ጸሐፊዎችን አያበስልም። መስታወቱ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ምክንያት አለው።

ደግሞም ይህ ስህተት የእኛ ብቻ አይደለም። ኒውዮርክ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ፎቅ ሰፊ የመስታወት ፊቶቹን ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ አዙሮ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲቆም፣ ለ ኮርቡዚዬ የፀሐይ መከለያ ይደረግበት ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ አልሰሙትም። የመስታወት ግድግዳ ዓለምን ያዳረሰው አየር ማቀዝቀዣና ርካሽ ኃይል ከኋላው ስለነበሩ ነው። እኛ የወሰድነው ፊቱን ብቻ ነው፤ ከኋላው የነበረውን ማሽንና የኃይል ሂሳብ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ተከራይ ትከሻ ላይ ጥለነዋል።

ተቃራኒውን ለማየት ወደ ሐራሬ ሂዱ። ሐራሬም እንደኛ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀኗ ሞቅ፣ ሌሊቷ ቀዝቀዝ ያለ ነው። እዚያ ሚክ ፒርስ የነደፈው ኢስትጌት የተባለ የቢሮና የገበያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1996 ተከፈተ። ሌሊት ቀዝቃዛውን አየር በወለሎቹ ውስጥ እያሳለፈ ኮንክሪቱን ያቀዘቅዛል፤ ቀን ላይ ያ የቀዘቀዘ ኮንክሪት ክፍሎቹን ያበርዳል። መስኮቶቹ ትንንሽና በጥላ የተከለሉ ናቸው። ብልሃቱ ከራስ ብሩ ቤት ወፍራም ግድግዳ ጋር አንድ ነው፤ መጠኑ ብቻ አድጓል። ፎቅ መሆን ከአየር ጠባይ ጋር አያጣላም ማለት ነው።

የባለቤቱም ክርክር ይሰማ

ሕንፃውን የሚያሠራው ሰው ሞኝ አይደለም። ኦሎምፒያ ላይ መሬት ውድ ነው። 20 በ25 ሜትር የሆነ ወለል ዙሪያው 90 ሜትር ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ትቶ 15 ሴንቲ ሜትር የሚወስድ የመስታወት ግድግዳ ቢያቆም፣ በአንድ ፎቅ 22.5 ካሬ ሜትር፣ በአሥር ፎቅ 225 ካሬ ሜትር የሚከራይ ቦታ ያተርፋል። መስታወት በፍጥነትም ይገጠማል። ባንክና ድርጅት ተከራይም «ዘመናዊ» የሚለውን መልክ ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት መስታወት ለብሶ ከሩቅ ሲታይ፣ ስኬት ምን እንደሚመስል ለሌላው ሁሉ ይነግራል። ይህ ራሱ ባህል ነው። መስታወቱ «ደርሰናል» ይላል፤ ይህን የማለት ፍላጎት ደግሞ የሚናቅ አይደለም።

ግን ስሌቱ ግማሽ ነው። የውጭ መከለያ ወለሉን አይበላም፤ ከመስታወቱ ውጭ ነው የሚቆመው። ወፍራም ግድግዳ እንኳ ባይፈለግ፣ የመስታወቱን መጠን መቀነስ፣ የቀረውን በክንፍ ወይም በተበሳ ብሎኬት መከለልና በደንብ የሚከፈት መስኮት ማድረግ የሚከራየውን ቦታ አይነካም። ሙቀት የሚያስቀር የተሻለ መስታወት አለ፤ ግን ውድ ነው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በውጭ ምንዛሪ። የተበሳ ብሎኬት ግን እዚሁ ይመረታል።

ሂሳቡን የሚከፍለው ደግሞ የነደፈውም ያሠራውም አይደለም። የመብራት ቆጣሪው የተከራዩ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ካልተነሳ ወይም ኤሲውን ካልቻለ፣ 9 ሰዓት ላይ የሚያንገላጅጀው ጸሐፊው ወይም ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። አንጸባራቂው መስታወት የመለሰው ፀሐይ ደግሞ የሚያርፈው እግረኛው ዓይን ላይና ማዶ ያለው ቤት ላይ ነው።

አሁን ይህን ማንሳት ለምን አስፈለገ? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የብዙ ሕንፃዎች ፊት እየታደሰ ነው፤ ቀለማቸው ይቀየራል፣ የማታ መብራት ይገጠምላቸዋል። ፊት ሲነካ መከለያ ለመጨመር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ፊት እንዴት እንደሚታይ ብቻ ተጠይቆ፣ ምን እንደሚሠራ ሳይጠየቅ ካለፈ ግን አንድ ሕንፃ 50 ዓመት እንደሚቆም አስታውሱ። ዛሬ ትምህርት ቤት ያላችሁት እናንተ እስከ ጡረታችሁ እዚያ ውስጥ ልትሠሩ ትችላላችሁ።

እናንተው መዝኑት

ባልኩት ብቻ አትመኑ። ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትር ፈልጉ። አንዱን ፀሐይ የማይነካው ውጭ ጥላ ላይ፣ ሌላውን የመስታወት ፊት ባለው ክፍል ውስጥ፣ ጨረር በቀጥታ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀትር ላይና ከቀኑ 9 ሰዓት ጻፉ። ለአንድ ሳምንት ድገሙት። ከዚያ በረንዳ ባለው ወይም ወፍራም ግድግዳ ባለው ቤት ውስጥ ያንኑ አድርጉ። ሁለቱን በአንድ ግራፍ ላይ ሳሉ። የውጭው መስመር ምቹ ሆኖ ሳለ የውስጡ መስመር ከእሱ በላይ ከወጣ፣ ሕንፃው ሙቀቱን ራሱ እየሠራው ነው።

አዲስ የሚሠራ ፎቅ አጥር ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ስታዩም ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ሰሜን የት እንደሆነ፣ ጥላው የት እንደሚያርፍ፣ ሰው የት እንደሚቀመጥ። ሥዕሎቹ ላይ ሰማዩ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው፣ መስታወቱም ያበራል። 9 ሰዓት ላይ መጋረጃው ተዘግቶ የሚያሳይ ሥዕል ግን እስካሁን አላየሁም።